የኢሳይያስ አንገትና የሆዱ ባክቴሪያዎች

የሔቨን አባት ኢሳይያስ ፈሪ ሰው አይደለም። ይሄ ከመጀመሪያው ይታወቅለት። በረዶ ላይ መኪናው እንደ እንዝርት ስትሽከረከርበት "ወይ ጉድ!" ብሎ ስቆ የሚያልፍ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰካራም ሲሰድበው ድምፅ ሳያሰማ መዝሙር የሚከፍትበት፣ ቤት ውስጥ አይጥ ሲገባ በነጠላ ጫማ ብቻ የሚዋጋ ጀግና ነው። ኤርፖርት የሚያመላልሳቸውን ሰዎች ሻንጣ በአንድ እጁ ነው የሚያነሳው። መርፌ ካየ ግን አለቀለት። ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ ሁሉ ትከሻ፣ እንደ ታጠበ ልብስ ይታጠፋል። የጉንፋን ክትባት የተወጋ ቀን ፋርማሲው ወለል ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ብርቱካን ጭማቂ በስትሮ ያጠጡት ሔቨንና አንዲት የማያውቃቸው ፈረንጅ አሮጊት ናቸው።

ታዲያ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ምን ገጠመው? አንገቱ ላይ እብጠት ወጣበት።

እሱ ራሱ አላየውም። ለሥራው የጤና ምርመራ ሲያደርግ ሐኪሟ አንገቱን ዳበስ ዳበስ አደረገችና ዝም አለች። ሐኪም ዝም ሲል ደግሞ ደግ አይደለም። አልትራሳውንድ ታዘዘ። ታይሮይድ የምትባለው፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ቢራቢሮ ተለጥፋ የምትኖረው ዕጢ ላይ፣ የወይን ፍሬ የምታክል ነገር ተገኘች። "ብዙ ጊዜ ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን ካንሰር መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ አለብን" አሉት።

በመርፌ። ያውም አንገት ላይ።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ "በረዶ ጥሏል" ብሎ ቀረ። የዚያን ቀን የዴንቨር ሰው በቁምጣ ነበር የሚሄደው። ሁለተኛውን "ሥራ በዛብኝ" ብሎ ቀረ። ኋላ እንደተደረሰበት ቀኑን ሙሉ መኪና ሲያሳጥብ ነው የዋለው። ሚስቱ ፈትለወርቅ ራሷ ደውላ ሦስተኛ ቀጠሮ አስያዘችለት። ከዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያለው ክሊኒክ ስልክ የምታነሳዋ ልጅ በትህትና አስጠነቀቀቻት። "ይሄንንም ከቀረ ተራው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቦታ የምናገኝለት ክረምቱ ሲያልፍ ነው።"

ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነበር። ሔቨን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሰው ብዙ ነገር ይፈልጋል፤ አዲስ ስልክ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የራሱ መኝታ ቤት። እሷ ግን ያን ሰሞን ከሁሉ አስቀድማ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። አባቷ ሐሙስ ዕለት እዚያ አልጋ ላይ ይተኛላት። በቃ።

ማክሰኞ ማታ፣ ፓርክ ሂል ሰፈር ያለችው ትንሽ ቤታቸው እራት እየቀረበ ሳለ፣ ኢሳይያስ ቁልፉን እያንቃጨለ ገባ። ፊቱ ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት ነው።

"ፈትልዬ! ጉድ ሰማሁ!"

"እጅህን ታጠብ።"

"ቆይ ስሚኝ። ዛሬ ከኤርፖርት ሁለት ተመራማሪዎች ጫንኩ። ለስብሰባ ነው የመጡት፣ ኦሮራ። መንገዱን ሙሉ ምን ሲያወሩ እንደመጡ ታውቂያለሽ?"

"የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው።"

"ታዲያ ጆሮዬን አውልቄ ዳሽቦርዱ ላይ ላስቀምጠው? የታይሮይድ ካንሰር ከየት እንደሚመጣ ነው የሚያወሩት! ከሆድ ነው! ሆድ ውስጥ ካለ ባክቴሪያ! ደግሞ ጀነቲክ ማስረጃ አለው አሉ!"

ሔቨን ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጠች። "ኖ ዌይ። ጠብቅ አባዬ።" ሽንኩርት በነካው ጣቷ ስልኳን ከፈተች፣ እያለቀሰች ፈለገች፣ አገኘችው። ነገሩ እውነት ነበር። ተጠንቷል። ሔቨን የባዮሎጂ መምህሯ የምትሳሳላት ተማሪ ስለሆነች ሁለት ጊዜ አነበበችውና ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እሺ ስሙ። ሆዳችን ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አለ። የትኛው እንደሚበዛልን በከፊል ጂናችን ነው የሚወስነው። ጂን ደግሞ ከእናትና ከአባት በዕጣ ነው የሚደርሰን፤ እንደ ዕቁብ በሉት። እነዚህ ሰዎች የስንት ሺህ ሰው ጂን አዩ። ከዚያ፣ ይሄኛው ባክቴሪያ እንዲበዛ የሚያደርገው ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች የታይሮይድ ካንሰር ይበዛባቸዋል ወይስ ያንስባቸዋል ብለው አነጻጸሩ። አንዳንዱ ባክቴሪያ አደጋውን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ይመስላል፣ አንዳንዱ ዝቅ። ዕጣውን ሰው ራሱ ስለማይመርጠው ምናልባት ባክቴሪያው በእርግጥ እጁ አለበት ማለት ነው። ምናልባት ነው ያሉት፣ አባዬ። ሜይቢ።"

ኢሳይያስ ከዚህ ሁሉ "ሆድ" የምትለዋን ብቻ ለቅሞ አስቀርቷል።

"በቃ! ነገሩ ሆዴ ውስጥ ከሆነ አንገቴ ምን በደለ? እግሩን ለታመመ ሰው ጆሮውን ይወጉታል?"

"እንደዚያ አይደለም የሚለው—"

"ደግሞ ጀነቲክ ነው አሉ። ጀነቲክ ማለት ዘር ነው። በእኛ ዘር ደግሞ ካንሰር የሚባል የለም። ልቁጠርልሽ?" ሳይፈቀድለት ጣቱን ዘረጋ። ሰባት ቤት ሊቆጥር ነው፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ዝምድና እንደሚቆጥሩት። "አባቴ በጨጓራ። አያቴ በእርጅና። ቅድመ አያቴ ከበቅሎ ወድቆ። ምንጅላቴ የመሬት ክርክር ተረትቶ በንዴት። እንጅላቴን ጅብ በላው። አንገቱን ግን ታሞ አያውቅም!"

"ጅብ ከበላው በኋላ ማን መረመረው?" አለች ሔቨን።

"ጅቡን ጠይቂው።"

ፈትለወርቅ ወጡን አወረደችና ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። "ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው። ሐሙስ ትሄዳለህ።"

"ሰኞ ጠዋት እደውልና ካንስል አደርገዋለሁ" አለ ኢሳይያስ፣ እንጀራውን እየቆረሰ። "ሆዴን ራሴ አክመዋለሁ።"

ሕክምናው በማግስቱ ተጀመረ። ጥሩ ባክቴሪያ ያለው የተብላላ ነገር ውስጥ ነው ብሎ ወሰነ። ማን እንደነገረው አይታወቅም፤ ምናልባት ሌላ ተሳፋሪ። መጀመሪያ እርጎ ሊገዛ ነበር፣ ግን ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ይጾማል። ሔቨን "ባክቴሪያዎችህም ይጾማሉ?" ስትለው "በኔ ሆድ እየኖሩ አይጾሙም?" አላት። ብዙ አሰበ። ከዚያ ልጅ ሆኖ በዐቢይ ጾም ይበላት የነበረች ስልጆ ትዝ አለችው። ስልጆ የባቄላ ዱቄት ተበጥብጦ፣ በስሎ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት እስኪኮመጥጥ ድረስ የሚቀመጥ የጾም ምግብ ነው። ጣዕሙ ግሩም ነው። ሽታውን ግን የወደደው ብቻ ነው የሚችለው።

ኢሳይያስ አንዲት ዘመዱ ዘንድ በርሮ ሄዶ የደረሰ ስልጆ በትልቅ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ጠዋት በማንኪያ፣ ቀን በማንኪያ፣ ማታ በእንጀራ። መኪና ውስጥም ይዞት ይሄዳል፤ በአንዱ ተሳፋሪና በሌላው መካከል አንድ ሁለት ማንኪያ ይቀማምሳል። እስከ ዓርብ ድረስ ከኤርፖርት የሚመጣ ሰው ሁሉ መስኮት ከፍቶ ነበር የሚሄደው። አንዷ "ሹፌሩ በጣም ጨዋ ነው፤ መኪናው ግን ያስለቅሳል" ብላ አፑ ላይ ጽፋ ኮከቡን ቀነሰችበት።

"ቅናት ነው" አለ ኢሳይያስ።

ሔቨን መጀመሪያ ላይ ስቃለች። ማንም ይስቃል። ዓርብ ዕለት ግን የቆሸሸ ካልሲዋን ልታስገባ ልብስ ማጠቢያው ዘንድ ስትሄድ እናቷን አገኘቻት። ፈትለወርቅ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በሽታ የሚያስደነግጣት ሴት አይደለችም። የኢሳይያስን ሸሚዝ አንገትጌውን ይዛ ማሽኑ ላይ ተደግፋ ነበር። ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

"እማዬ?"

"ሽታው ነው" አለች እናቷ ፊቷን እየጠረገች። "ይሄ ስልጆ ዓይን ያጠፋል።"

ሔቨን ካልሲዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ያን ማታ አባቷን በእንግሊዝኛ ለመነችው፣ በአማርኛ ለመነችው፣ ጥናቱን በወረቀት ላይ ሥዕል ሠርታ አስረዳችው። እሱም ሥዕሉን አገላብጦ አይቶ "ባክቴሪያዋ ቆንጆ ናት" አላት። ክርክር ላይ ኢሳይያስን የሚያሸንፍ አልተወለደም። ምንጅላቱም በንዴት የሞተው በከንቱ አይደለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሔቨን አውቶቡስ ይዛ ኦሮራ ሄደች፤ ሃቫና መንገድ ዳር ጋሽ ክፍሎም ጎማ ቤት። ጋሽ ክፍሎም የአስመራ ሰው ናቸው። አማርኛ በልጅነታቸው በትምህርት ቤት የተማሩ ስለሆኑ ከሰው ሁሉ የጠራ አማርኛ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ስማቸው ግን የታወቀው በጎማ ብቻ አይደለም። የተጣላ ባልና ሚስት ጎማ ሊያስቀይር መጥቶ ታርቆ ይመለሳል ይባላል።

"ጋሽ ክፍሎም፣ ሽማግሌ ልልክ ፈልጌ ነው።"

ጋሽ ክፍሎም የያዙትን ጎማ ለቀቁት። ጎማው ተንከባሎ ሄዶ ግድግዳ መታ።

"አንቺ? ማንን ልታገቢ?"

"ኧረ ማንንም! አባዬን መርፌ ላስወጋው ነው።"

ቁጭ አደረጓትና ከነጅቡ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጋሽ ክፍሎም እየሰሙ በመሐል ሁለት ጊዜ ሊስቁ ሞክረው ተዉት።

"ልጅ ለአባቱ ሽማግሌ የሚልከው አጥፍቶ ከሸሸ በኋላ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ከብት ሸጦ፣ ቤት አቃጥሎ።"

"እኔ እስካሁን ምንም አላቃጠልኩም። ከፈለጉ ግን—"

"ተይ፣ ተይ።" ጢማቸውን ዳበሱ። "አባትሽን በወሬ አንችለውም፤ ሹፌር ነው። ደግነቱ የሽማግሌ ሥራ ክርክር አይደለም። መቆም ነው። ቁጭ በሉ ሲባል አይቀመጥም፣ ብሉ ሲባል አይበላም። ቤቱ ውስጥ ሽማግሌ ቆሞበት እራት የሚወርድለት ሐበሻ የለም። እኔ፣ ለገሠ፣ ሌላስ ማን ይጨመር?"

"እትዬ አረጋሽ። የክርስትና እናቴ ናቸው፤ አባዬ ይፈራቸዋል።"

"ሴት ሽማግሌ?"

"ጋሽ ክፍሎም፣ ኮሎራዶ ነው ያለነው።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉና ስልካቸውን አነሱ። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ። ለእናትሽ ንገሪያት፤ ለእሱ ትንፍሽ እንዳትይ።"

እሑድ ከሰዓት ኢሳይያስ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ጠርሙሱን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ኳስ ያያል። ሔቨን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች የሐበሻ ቀሚሷን አልለወጠችም። በሩ ተንኳኳ። ከፈተችው።

ጋሽ ክፍሎም ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላ ደርበዋል። ጋሽ ለገሠ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ የቀብርና የሠርግ ኮፍያቸውን አድርገዋል። እትዬ አረጋሽ ከሁለቱም ፊት ነበሩ። ሦስቱም ገብተው በሩ አጠገብ ተደርድረው ቆሙ።

ኢሳይያስ ዘሎ ተነሣ። "እንዴ! እንደምን ዋላችሁ! ግቡ፣ ቁጭ በሉ እንጂ!"

"ለጉዳይ ነው የመጣነው፣ ኢሳይያስ" አሉ ጋሽ ክፍሎም። "የመጣንበት ሳይፈቀድልን አንቀመጥም።"

ኢሳይያስ ኮፍያውን አየ። ነጠላውን አየ። የሔቨንን የክርስትና እናት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ግድግዳ የተደገፈችውን ልጁን አየ። ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ እንደ በርበሬ ቀላ።

"የለም" አለ።

"ገና ምንም አልተናገርንም።"

"የለም! ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው! ጋሽ ክፍሎም፣ አያፍሩም? እትዬ አረጋሽ፣ እርስዎ ክርስትና አንስተው? ማነው? ያ ፀጉሩን እንደ አውራ ዶሮ ያቆመው ኤሊያስ ነው?"

ሔቨን አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከወጥ ቤት አንድ ነገር ወደቀ፤ ፈትለወርቅ ሳቋን ልትውጥ ስትል ጭልፋ አምልጧት ነው። ጋሽ ለገሠ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ አረጋሽ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አይገኝም።

"ሽማግሌን ሳይሰሙ እምቢ ማለት ያስቀስፋል" አሉ ጋሽ ክፍሎም ረጋ ብለው።

"ይቅሰፈኝ! ሌላ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፤ መኪናዬን ውሰዱ፣ ቤቴን ውሰዱ፣ በእመብርሃን እምላለሁ እምቢ አልልም! ልጄን ግን አልሰጥም!"

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ተመልካች ብቻ ይጮኻል።

"ሌላ የፈለግነውን" አሉ ጋሽ ክፍሎም።

"አዎ!"

"በእመብርሃን።"

"አልኩ እኮ!"

"ለገሠ፣ ሰምተሃል? አረጋሽ፣ ሰምተሻል?" ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ክፍሎም ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንግዲያስ እኛ የልጅህን እጅ ልንጠይቅ አይደለም የመጣነው። ልጅህ ናት የላከችን። የመጣነው አንገትህን ልንጠይቅ ነው።"

ኢሳይያስ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን ሶፋው ላይ ዘፍ አለ፤ ጠርሙሱም ሊደፋ ለትንሽ ተረፈ።

"ሐሙስ" አሉ እትዬ አረጋሽ። "ጠዋት። ኦሮራ።"

"ይሄ… ይሄ ማጭበርበር ነው" አለ። ከዚያ ሹፌር ነውና ወዲያው መታጠፊያ ፈለገ። "ቆይ፣ ቆይ። በሽታው ከሆድ እንደሚመጣ ተጠንቷል እኮ! ሔቨን ራሷ አንብባለች። ንገሪያቸው!"

ሔቨን ከግድግዳው ተላቀቀች። ሽማግሌ ፊት መናገር አልለመደችም፤ ግን ይሄን ጊዜ ካልተናገረች መቼ ልትናገር ነው?

"አባዬ፣ ጠዋት ስትወጣ የትራፊክ ዜና ትሰማለህ አይደል? 'ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ 225 አውራ ጎዳና ይጨናነቃል' ይላሉ።"

"እና?"

"እውነት ነው፣ ይጨናነቃል። ግን ያ ዜና ያንተ መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያለው ሻንጣ ምን እንደያዘ ይነግርሃል?"

ኢሳይያስ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ጥናቱ የትራፊክ ዜና ነው። ስለ ብዙ ሺህ ሰው ነው የሚያወራው። ስንቱ ባክቴሪያ፣ ስንቱ ዕጣ፣ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ። ለሳይንቲስቶች ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ሲሪየስሊ። ስልጆ ብላ አላለም። ሰባት ቤት ቁጠር አላለም። አንገትህ ላይ ያለችው ነገር ምን እንደሆነች ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። ሻንጣው ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ሻንጣውን የከፈተ ነው።" ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከተች። "ክፈታትና እንወቅ። እማዬ ማታ ማታ አትተኛም።"

ፈትለወርቅ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ኢሳይያስ አያት።

"ይኸውልህ ልጄ" አሉ ጋሽ ለገሠ በለሰለሰ ድምፅ፣ "የምትፈራው መርፌውን እንዳልሆነ እናውቃለን። ሰው የሚፈራው ውጤቱን ነው።"

"ኧረ አይደለም!" አለ ኢሳይያስ። "መርፌውን ነው!"

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አረጋሽ ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ኢሳይያስም ሳይወድ በግድ ሳቀ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ ተነሣና ወንበር ሳበ። "እሺ። ምያለሁ፤ ከእመብርሃን ጋር አልጣላም። አሁን ተቀመጡ፤ እግራችሁ ይንቀጠቀጣል።"

ተቀመጡ። ስልጆም ቀረበላቸው። ጋሽ ክፍሎም ሁለቴ ጠቅሰው "ለአንገት አይሁን እንጂ ለአፍ ጥሩ ነው" አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ፈትለወርቅ ፈረቃዋን መለወጥ ስላልቻለች ሔቨን ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ አብራው ሄደች። መንገድ ላይ ኢሳይያስ መኪና ያሳለፈውን ያህል በሕይወቱ አሳልፎ አያውቅም። የሚገባውን ሁሉ "እለፍ ወንድሜ፣ እለፊ እህቴ" ይላል። እንዲያም ሆኖ ክሊኒኩ በሰዓቱ ደረሱ።

አስተኙት። ትከሻው ሥር ትራስ አድርገው አንገቱን ወደ ኋላ አዘነበሉት። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ ደስ ይላል፤ መርፌዋን ግን ከጀርባዋ ደብቃለች። አንድ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ነግሯት መሆን አለበት። ሔቨን ጣሪያውን አየች።

"ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ" አለ ኢሳይያስ ጊዜ ለመግዛት። "ስለ ሆድ ባክቴሪያና ስለ ታይሮይድ ካንሰር ያለውን ጥናት ያውቁታል?"

ዶክተሯ ገረማት። "አንብቤዋለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ገና ጅምር ነው፤ ለአንድ ሰው ይህን ብላ፣ ያንን ተው ለማለት አይበቃም።"

"ስልጆስ?"

"ስልጆ ምንድን ነው?"

"እንዳይጠይቁት" አለች ሔቨን። "ይዞልዎት ይመጣል።"

"እሺ። አሁን ማደንዘዣ እሰጣለሁ፣ ከዚያ ናሙናውን እወስዳለሁ። በዚያ መሐል መናገር የለም፤ መዋጥም የለም።"

መናገር የለም! ቀኑን ሙሉ ለማያውቀው ሰው ስለ አየር ሁኔታ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ጉበት ጥቅም ሲያወራ የሚውል ሰው መናገር የለም ተባለ። ከመርፌው ይልቅ ይሄ የከፋው መሰለ። የሔቨንን እጅ ያዘና ጨመቀ። ጣቶቿ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ተሰማት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው "እምምም" እያለ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ዶክተሯም በዜማው መሐል መርፌዋን አስገብታ ታወጣለች። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ "ጨረስን" አለች።

አንድ ዓይኑን ከፈተ። "አለቀ? ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"እኔ እኮ አልወደቅኩም! ሔቨን፣ አየሽ? አልወደቅኩም!"

"ተኝተህ ነው እኮ አባዬ። ወዴት ትወድቃለህ?"

ውጤቱ የመጣው በሳምንቱ ነው። ሔቨንን ከትምህርት ቤት ይዟት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ሲነዱ ስልኩ ጮኸ። የክሊኒኩን ቁጥር ሲያይ አንድ ፍራሽ የሚሸጥ ሱቅ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገ። ስፒከር ላይ አደረገው።

ዶክተሯ ወሬ አላበዛችም። ካንሰር ነው። ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ። ከአልትራሳውንዱ እንደሚታየው ከዕጢዋ አልወጣም። ግማሿን ዕጢ በቀዶ ሕክምና ያወጣሉ። እንዲህ በጊዜ ከተገኘ አብዛኛው ሰው ይድናል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ያረጃል። "ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የመጡት" አለች።

ኢሳይያስ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፍራሾቹን ያያል። አንዱ ፍራሽ ላይ አንዲት ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ እየሞከረች ነበር፤ ገልበጥ፣ ገልበጥ ትላለች።

"መቼ?" አለ።

"ሁለት ቀን አለ። አንዱ የሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው፤ አንዱ በአሥር ቀን ውስጥ፤ ግን ለዝግጅት ጊዜው አጭር ነው።"

ሔቨን ወደ አባቷ ዞረች።

"አጭሩን" አለ ኢሳይያስ። "አጭሩን ይስጡኝ።"

ስልኩ ሲዘጋ ሔቨን ታለቅስ ነበር። ማልቀሷን ራሷ አላወቀችም፤ ጉንጯ ሲረጥብ ነው ያወቀችው።

"አንቺ ምን ሆንሽ?" አላት አባቷ። "አንገቱ የኔ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ዶክተሯ ምን አለች? ይድናል አላለችም?"

"ብላለች።"

"እንግዲያስ ምን ያስለቅሳል? ለእናትሽ እኔ ነኝ የምነግራት፤ እንዳትቀድሚኝ። መጀመሪያ 'ይድናል' እላታለሁ፣ ከዚያ ስሙን እነግራታለሁ። በዚያ ቅደም ተከተል።" ሶፍት አወጣና ሰጣት፤ ለራሱም አንድ መዘዘ፤ ማንም እንዳያየው አፍንጫውን በኃይል ተናፈጠ። ከዚያ መኪናውን አስነሳ። ሳይንቀሳቀስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው።

"ሔቩ፣ ያን ዕጢ ሲያወጡ ያስተኙኛል አይደል? ምንም አይሰማኝም?"

"ምንም። ድብን ብለህ ነው የምትተኛው።"

"ተመስገን። ማስተኛ መድኃኒቱን በምንድን ነው የሚሰጡት? በሚጠጣ ነው?"

ሔቨን መስኮቱን አየች። ፍራሽ ስትሞክር የነበረችው ሴትዮ ጫማዋን እያደረገች ነው።

"ሔቨን። በምንድን ነው?"

"አባዬ፣ ፍሬቻ አሳይና ግባ፤ መንገዱ ተለቋል።"

"ሔቨን!"

"እጅህን እይዝሃለሁ አልኩ እኮ!"

"መቼ አልሽ?"

"አሁን።"

ኢሳይያስ እግዚኦ ብሎ ፍሬቻውን አበራ።